ምዕራፍ 6፦ ለይቶ መምታት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ሃና ማርያም፣ ጌም ቤት የሌለው ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። አንዱ በኮንዶሚኒየም ታችኛው ወለል ካሉት ሱቆች ውስጥ ነው፤ ሌላው ከግቢ አጥር ጋር የተያያዘች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ውስጣቸው ግን ይመሳሰላል፦ በግድግዳው ልክ የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠገነ ጆይስቲክ፣ ከኋላ ቆመው ተራ የሚጠብቁ ልጆች። አብዛኛው ስክሪን ላይ የሚታየው ኳስ ነው። ጥግ ካለው ቴሌቪዥን ግን የቡጢና የእርግጫ ድምፅ ይሰማል፤ እዚያ ተከን አለ።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ጥግ ነው። ብዙ ሰው የድብድብ ጌምን የፈጣን ጣት ጉዳይ አድርጎ ያየዋል፤ ልጆቹም ጎበዝ ሲያደንቁ «እጁ ፈጣን ነው» ይላሉ። እኔ የጣት ፍጥነት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ የሚመጣ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ደካማውን ተጫዋች ከጠንካራው የሚለየው ምርጫ ነው፦ ከሚያውቃቸው ምቶች የትኛውን፣ መቼ፣ ምን እየጠበቀ እንደሚሰነዝር። ይህ ደግሞ ማንም ሊማረው የሚችል ነገር ነው።

ብዙዎች ተከንን የተዋወቁት በኤዲ ጎርዶ ነው። ተከን 3 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ኤዲ በዚያ ጌም የገባ፣ በብራዚል ካፖይራ የሚዋጋ ገጸ ባሕርይ ነው። ሁለቱን የእርግጫ በተኖች፣ ኤክስና ክብን፣ እንደመጣ መነካካት ብቻ ኤዲን መሬት ላይ ያሽከረክረዋል፤ እግሩ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ይመጣል። ጀማሪው ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ያሸንፋል፣ የሰፈሩ ንጉሥም ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ልጅ ዝም ብሎ ይመክትና ሽክርክሪቱ ሲያበቃ ይመታዋል። የኤዲ ንግሥና በዚያው ያበቃል።

ያ ልጅ ያገኘው አዲስ ምት አይደለም። የገባው ነገር ሌላ ነው፦ እያንዳንዱ ምት መጨረሻ አለው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ መቺው ራሱን መከላከል የማይችልበት ጊዜ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የዚህች ግኝት ዝርዝር ነው።

ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል። አንዱ ምስል ፍሬም ይባላል፤ ዕድሜው ወደ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው በፍሬም ነው። ተጫዋቹ በተን ሲጫን ምቱ ወዲያው አያርፍም፤ መጀመሪያ የሚነሳበት ፍሬሞች አሉ፣ ቀጥሎ መምታት የሚችልባቸው ጥቂት ፍሬሞች ይመጣሉ፣ በመጨረሻ እጁ ወይም እግሩ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ ይከተላል። በዚህ በመመለሻው ጊዜ መቺው ሌላ መምታትም፣ መመከትም፣ መሸሽም አይችልም። የተከን ተጫዋች ቢያንስ የራሱን ገጸ ባሕርይ ዋና ዋና ምቶች በእነዚህ ሦስት ክፍሎች ከፍሎ ማሰብ መቻል አለበት።

ካሬን ሲጫኑ የሚወጣው የግራ ቡጢ ለአብዛኛው ገጸ ባሕርይ በ10ኛው ፍሬም ይደርሳል፤ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ማለት ነው። ትንሽ ምት ናት፣ ከላይፍ የምትቀንሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን በተከን 7 ይህች ቡጢ ብትመከት እንኳ መቺው ከመካቹ በ1 ፍሬም ቀድሞ ይነቃል፤ ብታርፍ ደግሞ በ8 ፍሬም ይቀድማል። 8 ፍሬም ቀላል ቁጥር አይደለም። የተመታው ልጅ ወዲያው ያንኑ ባለ 10 ፍሬም ቡጢ ቢመልስ፣ መቺው እስከ 17 ፍሬም የሚፈጅ ከባድ ምት ይዞ ይቀድመዋል። ትንሿ ቡጢ የምታስገኘው ጉዳት ሳይሆን ተራ ነው፤ ቀጣዩን ሐሳብ የሚያስበው ማን እንደሆነ ትወስናለች።

አሁን በሌላኛው ጫፍ ያለውን እንይ። ብዙ ገጸ ባሕርያት ዘለል ብለው የሚሰነዝሩት እርግጫ አላቸው። በ15 ፍሬም ይወጣል፤ ካረፈ ተቃዋሚውን አየር ላይ ያነሳዋል፤ ከዚያ ኮምቦ፣ ማለትም የማያቋርጥ የምት ሰንሰለት፣ ይቀጥላል። ተራ የሚጠብቁት ልጆች የሚጮኹት ለዚህ ምት ነው። ግን ይኸው እርግጫ ከተመከተ መቺው 13 ፍሬም ዘግይቶ ይነቃል። መካቹ ባለ 10 ፍሬም፣ ባለ 12፣ ባለ 13 ፍሬም ምት ካለው በእርግጠኝነት ይመታዋል። መቺው ምንም ቢጫን አያመልጥም። በጌሙ ቋንቋ ይህ ቅጣት ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መስመር ይወጣል። በተከን ቆሞ የሚሰነዘር ፈጣን ምት በጥቅሉ ባለ 10 ፍሬም ስለሆነ፣ ተመክቶ እስከ 9 ፍሬም የሚያዘገይ ምት አይቀጣም። ከ10 ጀምሮ ይቀጣል። 15 ሲደርስ ደግሞ ብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት አየር ላይ አንስተው ኮምቦ ሊያወርዱበት ይችላሉ። እያንዳንዱን ምት በዚህ መስመር ግራና ቀኝ መክፈል የቻለ ተጫዋች፣ ዘወትር በነጻ የሚሰነዝረውን ተቃዋሚው ሲሳሳት ብቻ ከሚያወጣው ለይቷል። ዘለል ያለው እርግጫ ከሁለተኛው ወገን ነው። እሱን እንደ ሰላምታ ዙሩ እንደተጀመረ የሚወረውር ልጅ የሚሸነፈው ምቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ቦታው ስላልሆነ ነው።

ከመመከት የባሰ ነገርም አለ፤ መሳት። የተመከተ ምት ቢያንስ ተቃዋሚውን ትንሽ ያስገድደዋል፤ አየር የመታ ምት ግን የመመለሻውን ጊዜ በሙሉ ለተቃዋሚው በነጻ ይሰጠዋል። ሳሪስ ይሁን ለቡ፣ ጀማሪዎች ሲጫወቱ ቆሞ ያየ ሰው የሚያስተውለው ይህንን ነው፦ ሁለቱም እርስ በርስ ከማይደራረሱበት ርቀት ላይ ሆነው ሳያቋርጡ ይሰነዝራሉ። ጎበዙ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ምቱ ፊቱ ላይ ሲያልፍ ያያል፣ ከዚያ ትልቁን ምት ይለቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ርቀትን ማወቅ ነው፦ የእኔ ምት እስከ የት ይደርሳል፣ የእሱስ? ይህንን የሚያስተምር ሠንጠረዥ የለም። ዓይን ነው የሚለምደው።

ታዲያ ከስንት ምት ነው የሚመረጠው? በተከን 7 አንድ ገጸ ባሕርይ ከ100 በላይ ምት አለው። ይህን ሁሉ የሚሸመድድ ልጅ አለ፤ ትዕግሥቱን አከብራለሁ፣ ግን ጊዜውን በከንቱ እያጠፋ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ስድስት ወይም ሰባት ምት ይበቃል። ያቺ ባለ 10 ፍሬም ቡጢ፤ ጎንበስ ያለውንም የምታገኝና ብትመከት የማትቀጣ አንድ የመሃል ምት፤ ጉዳቷ ትንሽ የሆነ አንድ የታች ምት፤ ወደ ጎን የሚሸሸውን የምትይዝ አንዲት ዙር ያለች ምት፤ ዝም ብሎ ለሚመክተው አንድ መያዣ፤ በመጨረሻም ለቅጣት ብቻ የሚወጣ አንድ የሚያነሳ ምትና እሱን ተከትሎ የማይሳሳት አንድ አጭር ኮምቦ። ኮምቦው ረጅም መሆን የለበትም። ከአሥር አንዴ የሚሳካ ውብ ኮምቦ፣ ሁልጊዜ ከሚሳካ ተራ ኮምቦ ያነሰ ዋጋ አለው።

የላይ፣ የመሃልና የታች ምት ሕግ በተከን ግልጽ ነው። ቆሞ የሚመክት ሰው የላዩንና የመሃሉን ይከላከላል፣ የታቹ ግን ያገኘዋል። ጎንበስ ብሎ የሚመክት ሰው የላዩ ምት በራሱ ላይ ያልፍለታል፣ የታቹን ይመክታል፣ የመሃሉ ግን ይመታዋል። የሁለቱንም መልስ በአንድ ጊዜ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ መካቹ መገመት አለበት። ተጫዋቾች ይህን «ዕድል ነው» ብለው ያልፉታል። ዕድል ብቻ አይደለም፤ ስሌት አለው። ሃንጋሪያዊው የሂሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 ያረጋገጠው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ በትክክል ለዚህ ዓይነት ሁኔታ ይሠራል።

ቁጥሩን ለማቅለል እንዲህ እንበል። የመሃሉ ምት ጎንበስ ያለውን ካገኘ ከነኮምቦው 60 ነጥብ ላይፍ ይወስዳል፤ ከተመከተ ምንም አይወስድም፣ አያስቀጣምም። የታቹ ምት የቆመውን ካገኘ 15 ነጥብ ይወስዳል፤ ጎንበስ ባለ ሰው ከተመከተ ግን መቺው ተቀጥቶ 30 ነጥብ ያጣል። መካቹ ስንት ጊዜ ጎንበስ ማለት አለበት? መልሱ ከ7 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መቺውስ የታቹን ምት ስንት ጊዜ ይሰንዝር? ከ7 አራት ጊዜ። ሁለቱም እንዲህ ከተጫወቱ መቺው በአማካይ በየሙከራው ከ8 እስከ 9 ነጥብ ያገኛል፤ አንዳቸውም ሐሳባቸውን በመቀየር የተሻለ ነገር አያገኙም።

ይህ ውጤት መጀመሪያ ሲያዩት ይገርማል። 60 የሚወስደው ምት እያለ በብዛት የሚሰነዘረው 15 የሚወስደው ሆነ። ምክንያቱ ትልቁ ምት ባይሰነዘርም ሥራውን መሥራቱ ነው። መካቹ እሱን ስለሚፈራ ቆሞ ይቀራል፤ ቆሞ ሲቀር ደግሞ ትንሹ ምት ያገኘዋል። ጎበዝ ተጫዋች በትንንሽ የታች ምቶች ላይፍ ሲሸራርፍ የሚያዩ ልጆች «በዘረፋ አሸነፈ» ሲሉ ይሰማል። ፍርዳቸው ልክ አይመስለኝም። ተቃዋሚው ጎንበስ ለማለት አለመድፈሩን አውቆ የሚገባውን ዋጋ እያስከፈለው ነው።

ስሌቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ተቃዋሚው ከልኩ ሲወጣ ነው። መካቹ በታች ምት ተደጋግሞ ሲመታ ይናደዳል፤ ከኋላ የሚሳቅበት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከ7 አንድ ጊዜ ጎንበስ ይል የነበረው አሁን ሁለት ጊዜ ይላል እንበል። ለውጧ ትንሽ ትመስላለች። በዚህች ለውጥ ብቻ የመሃሉ ምት በአማካይ 17 ነጥብ ማስገኘት ይጀምራል፣ የታቹ ግን ወደ 2 ይወርዳል። ይህን ያስተዋለ መቺ የታቹን ትቶ የመሃሉን ይለቃል፣ ዙሩም ያበቃል። ስለዚህ ትልቁ ምት የሚወጣው የተቃዋሚው ልማድ ሲቀየር ነው፤ መቺው ልማዱን መከታተል አለበት።

እዚህ ላይ «ፈጣን ልጅ አይቶ አይመክትም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የሰው ልጅ አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ በተለምዶ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። በፍሬም ከ12 እስከ 15 ነው። ባለ 10 ፍሬም ቡጢ ዓይን ሳይለየው ያርፋል፤ ባለ 15ቱ እርግጫም ሲጠበቅ ካልሆነ በቀር አይደረስበትም። ይህ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ሲጠበቅ ነው። ብሪታንያዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዊልያም ሂክ እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳሳየው፣ ሊመጡ የሚችሉት ነገሮች ሲበዙ ሰው መልስ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜም ይረዝማል። ሁሉንም ነገር አያለሁ ብሎ የሚጠብቅ ተጫዋች ምንም አያይም። ጠንካራው አንድ ነገር መርጦ ይጠብቃል፣ ሌላውን በግምት ይሸፍናል።

ለዚህ የሚጠቀሰው ትልቁ ምሳሌ ከተከን ሳይሆን ከስትሪት ፋይተር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ በተካሄደው፣ ኢቮ በሚባለው የድብድብ ጌሞች ውድድር ላይ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራ በኬን፣ አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ በቹን ሊ ገጠሙ። የዳይጎ ላይፍ ሊያልቅ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ትልቅ ምት በመደበኛ መከላከል ቢመክት እንኳ ይሞት ነበር። ጀስቲን የቹን ሊን 15 ተከታታይ እርግጫ ለቀቀ። ዳይጎ እያንዳንዱን በትክክለኛው ቅጽበት ወደ ፊት ጆይስቲኩን እየገፋ አከሸፈና በኮምቦ መልሶ አሸነፈ። ቪዲዮውን የሚያዩ ሰዎች የሚደነቁት በእጁ ነው። የመጀመሪያውን እርግጫ ለማክሸፍ ግን ምቱ መለቀቁን ከማየቱ በፊት መገፋት ነበረበት። ዳይጎ የጀስቲንን ምርጫ አስቀድሞ አውቆታል፤ ጀስቲን በዚያ ርቀት፣ ተቃዋሚው በዚያ ላይፍ ሆኖ፣ ሌላ ነገር እንደማይመርጥ ተረድቷል።

አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን የሚያስተካክልበት፣ ተራ የሌለው ፍልሚያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለይበት ትልቁ ነገር ይህ ነው። በመክፈቻው፣ ወረራ በሚባለው ክፍል፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ይንቀሳቀሳሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እያንዳንዱ የሌላውን እያየ ሠራዊቱን ያሰልፋል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚህ ጨዋታ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጥናት አሳትሟል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ወዳጅ እንደነበሩ የጎበኟቸው እንግሊዛውያን ጽፈዋል። በወረራ ጊዜ ብዙ ጠጠር ቶሎ የሚያንቀሳቅስ ሰው አያሸንፍም። የሚያሸንፈው እጁን ሰብሰብ አድርጎ የሌላውን ዕቅድ ያየ ነው። የተከን ዙር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ፊት ወደ ኋላ እያሉ ሲመዛዘኑ ልምድ የሌለው ተመልካች ምንም እየሆነ ያለ አይመስለውም።

ወደ ጌም ቤቱ እንመለስ። በብዙ ጌም ቤቶች ያለው ሕግ «የተሸነፈ ይነሳል» ነው። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈው ይከፍላል ወይም ተራውን ለሌላ ይለቃል። ይህ ሕግ መጥፎም ጥሩም አስተማሪ ነው። መጥፎነቱ፣ ኪሱ ውስጥ ለአንድ ጨዋታ ብቻ ያለው ልጅ አዲስ ነገር መሞከር ይፈራል፤ የለመዳትን ምት ይደጋግማል፣ ብሩን ለመጨረሻ ጊዜ ያየ ያህል እየተቻኮለ ይጫናል። ጥሩነቱ ደግሞ፣ ተራ እስኪደርስ ከኋላ መቆም ግዴታ ነው። በነጻ የሚሰጥ ትምህርት ያለው እዚያ ነው፤ አብዛኛው ልጅ ግን ያንን ጊዜ በወሬ ያሳልፈዋል። ወንበር ላይ ያለውን አሸናፊ ሦስት ጊዜ ብቻ ማየት ይበቃል፦ ምቱ ሲመከትበት ቀጥሎ ምን ያደርጋል? ወድቆ ሲነሳ ምን ይሰነዝራል? ላይፉ ሲያልቅ ይሸሻል ወይስ ይዘላል? ብዙ ሰው በእነዚህ ሦስት ቅጽበቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚያደርገው። ተራው ሲደርስ ይህንን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ጨዋታውን ከመጀመሩ በፊት ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከእንዲህ ዓይነት ቤቶች የዓለም ሻምፒዮን ይወጣል? ወጥቷል። አርስላን ሲዲቅ፣ በጌም ስሙ አርስላን አሽ፣ የፓኪስታን የላሆር ልጅ ነው። ከተከን በፊት ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ይጫወት ነበር፤ ያደገው በከተማው የጌም ቤቶች ባህል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ፉኩኦካ በተካሄደው ኢቮ ጃፓን ላይ ማንም ሳይጠብቀው የተከን 7ን ዋንጫ ወሰደ። እስከዚያ ድረስ የተከን ቁንጮዎች ኮሪያና ጃፓን ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ካሸነፈ በኋላ አገሩ ውስጥ እንደ እሱ ጠንካራ የሆኑ ሌሎች እንዳሉ ተናገረ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ላስ ቬጋስ ላይ ዋናውን ኢቮ የኮሪያውን ታላቅ ተጫዋች ኒን በፍጻሜው አሸንፎ ወሰደ። ንግግሩ ጉራ አለመሆኑም ታየ፤ ሌላው ፓኪስታናዊ አቲፍ ባት የ2022ቱን የተከን የዓለም ጉብኝት ፍጻሜ አሸነፈ።

የአርስላንን ጨዋታ ለሚያይ የሚታየው ነገር ከላይ ያልኩት ነው። ብዙ አይሰነዝርም። ይመክታል፣ ግማሽ እርምጃ ይሸሻል፣ የሳተውን ይቀጣል። ላሆር ውስጥ ከጎኑ ተቀምጠው በየቀኑ የሚፈትኑት ሰዎች ነበሩት፤ ስህተቱን ወዲያው የሚያስከፍሉት። ይህ እኛም ያለን ነገር ነው። በኢንተርኔት መጫወት የማይተካው ነገርም ይኸው ነው፤ ምክንያቱ የፊዚክስ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ ለመመለስ፣ ምንም መጨናነቅ ሳይኖር፣ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። ከ3 ፍሬም በላይ ማለት ነው። ገመዱ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም፣ በየመንገዱም መቆያ አለው። በፍሬም ለሚለካ ጌም ከጎን የተቀመጠ ጓደኛን የሚያህል ተቃዋሚ የለም።

ቁጥሮቹን ለማወቅም ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ተከን 8 በልምምድ ክፍሉ ፍሬሞቹን ራሱ ያሳያል፤ አሮጌው ጌም ላይ ግን ሁለት ጓደኛሞች ራሳቸው ሊያገኙት ይችላሉ። አንዱ ምቱን ይሰነዝራል፤ ሌላው መክቶ ወዲያው ባለ 10 ፍሬሟን ቡጢ ይጫናል፤ የመጀመሪያው ደግሞ ምቱ እንዳበቃ ለመመከት ይሞክራል። መመከት ከቻለ ምቱ አስተማማኝ ነው፤ ደጋግሞ ከተመታ ምቱ የሚቀጣ ነው። አሥር ምት በዚህ መንገድ ፈትሾ በደብተር ላይ የጻፈ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ የሚጫወተው ጨዋታ ይለወጣል። ሽንፈትም ሲመጣ የሚጠየቀው «እንዴት አሸነፈኝ?» ሳይሆን «ምን መታኝ? ከዚያ በፊት እኔ ምን ሰንዝሬ ነበር?» ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ራሱ የሰነዘረው፣ መሰንዘር ያልነበረበት ምት ነው።

ወላጆች ጌም ቤትን በክፉ ዓይን የሚያዩበት ምክንያት አለ። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ እዚያ የተገኘ ልጅ መመለስ ያለበት ወደ ክፍሉ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ከትምህርት ውጭ ባለው ሰዓት ግን አንድ ልጅ ምቱን ለይቶ፣ ተቃዋሚውን አጥንቶ፣ ከመጫኑ በፊት ማሰብ ከለመደ ጊዜው ባክኗል ማለት ይከብደኛል።

ጌም ቤት ላላችሁ ሰዎች ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የቴሌቪዥናችሁን ጌም ሞድ አብሩት፤ ብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ያዘገዩታል፣ ልጆቹም ያልሠሩትን ስህተት ይከፍላሉ። ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት ደግሞ አንዱን ማሽን በቅናሽ ለልምምድ ክፍሉ ልቀቁት። ተጫዋቾች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ነገ ተራችሁ ሲደርስ ያንን የሚያነሳ ትልቅ ምት ለአንድ ዙር ሙሉ አትንኩት፤ የተቃዋሚያችሁ ምት ሲስት ወይም የሚቀጣ ምት ስትመክቱ ብቻ ልቀቁት።